ሱቁን ልዝጋ ወይስ ሰውዬውን ልተው?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። በ21 ዓመቴ ሳገባ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የልጆቼ አባት "ምን ጎደለሽ? እኔ አለሁልሽ" አለኝ፤ ሥራዬን ለቀቅኩ። እሱ ቡና ነጋዴ ነው። 11 ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ቡና ሲደርስ የቀን ሠራተኞቹን የማበላው እኔ፣ ማታ ማታ የሒሳብ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከአራት ዓመት በፊት ተለያየን። ሽማግሌ ተቀመጠ። ቤቱም መኪናውም በስሙ ስለሆነ 80 ሺህ ብርና የቤት ዕቃ ይዤ ወጣሁ። በዚያች ብር ሂርማታ ገበያ አጠገብ ትንሽ የባልትና ሱቅ ከፈትኩ። የ15 ዓመት ወንድ ልጅና የ12 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ፤ ሁለቱም ከእኔ ጋር ናቸው። አባታቸው ሲመቸው ይልካል፣ ሳይመቸው ይቀራል።

አሁን አንድ ሰው ለትዳር ጠይቆኛል። ሚስቱ የሞተችበት መምህር ነው፤ ጠባዩ መልካም ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። እስካሁን የምታሳድግለት እህቱ ዱባይ ልትሄድ ነው። "ከተጋባን ሱቁን ዝጊው፤ አራቱንም ልጆች እያየሽ ቤት ሁኚ፤ እኔ ደመወዝ አለኝ" ይለኛል። አልዋሽም፣ ሱቁ ደክሞኛል። ቤቱንም ቢሆን ልጄ ስለምታግዘኝ ነው እንጂ አልችለውም ነበር፤ እንጀራውን እንኳ አሁን የምትጋግረው እሷ ናት። ሱቁን ብዘጋ እፈራለሁ። ባልዘጋ ደግሞ እሱን አጣለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ባለሱቋ፣ ከሂርማታ»

እህቴ፣ በቀጥታ ልንገርሽ። ሱቁን እንዳትዘጊ። ሰውዬውንም ገና አትሸኚው። ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥረሽ አምጥተሽልኛል፤ ቋጠሮው ያለው ግን ሱቁ ጋ ሳይሆን ቤትሽ ውስጥ ነው።

ከድካምሽ ልጀምር። ደክሞኛል ስትይ አምንሻለሁ። ግን የደከመሽ በእርግጥ ሱቁ ነው? እስቲ አንድ ቀንሽን አብረን እንቁጠር። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል። ወፍጮ ቤት ተራ ትጠብቂያለሽ። ሱቅ ከፍተሽ እስከ ማታ ትቆሚያለሽ፤ ሐሙስ ሲሆን ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ ምሳሽን እንኳ አያስበላሽም። ይህ አንዱ ሥራ ነው። ማታ እቤት ስትገቢ ሌላው ይጀምራል። ወጥ፣ ዕቃ ማጠብ፣ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ውሃ በመጣበት ሰዓት ጀሪካን መሙላት፣ የነገ ምሳ ዕቃ። ለዚህኛው ማንም ስለማይከፍልሽ ሥራ ብለሽ አልቆጠርሽውም። ድካሙን በሙሉ ሱቁ ላይ ጫንሽው። ሱቁን ብትዘጊ የምታርፊ የመሰለሽ ለዚህ ነው። አታርፊም። የሁለት ልጆች ቤት የአራት ልጆች ቤት ይሆናል። የሚቀርብሽ ገንዘብ ያለበት ሥራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ትዳርሽ እንመለስ፤ እዚያ የሆነው ነገር አሁንም እየመራሽ ነውና።

«ምን ጎደለሽ?» የሚለውን ጥያቄ እኔም ሰምቼዋለሁ። ባሌ ወደ ጅማ ሲዛወር አዲስ አበባ የነበረኝን ሥራ ትቼ ተከተልኩት። ያኔ የጎደለኝ ነገር አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ሥራ ልመለስ ስል ግን እኔ ሥራ ያስተማርኳት ልጅ አለቃ ሆና አገኘኋት። ደመወዜ ከቆመበት እንኳ አልቀጠለም፤ ከዚያም ዝቅ አለ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም አብረን ነን። ሁለታችንም ግን ያን ውሳኔ ስንወስን ዋጋውን የምከፍለው እኔ ብቻ እንደሆንኩ አላሰብንም። ቤት የመቀመጥ ዋጋ በወሩ አይታይም። የሚታየው ልጆች ሲያድጉ፣ ባል ሲታመም ወይም ትዳር ሲፈርስ ነው።

አንቺ ደግሞ ቤት አልተቀመጥሽም። ይህን ልብ በይልኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲለቀም፣ ሲሰጣ፣ ሲገለባበጥ የቀን ሠራተኛው ምግብ የሚበላው ካንቺ እጅ ነበር። ደብተሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ምግብ አብሳይና የሒሳብ ሠራተኛ ቢቀጥር ኖሮ ለሁለቱም ደመወዝ ይከፍል ነበር። ያልከፈለው ብር ተጠራቅሞ ቤት ሆነ፣ መኪና ሆነ። ከዚያ ሽማግሌ ፊት «በስሙ ነው» ተባለና ነገሩ ተዘጋ።

በስሙ መሆኑ ብቻውን መልስ አይሆንም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የግሌ ነው የሚል ያንን የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። ሲፋቱ የጋራው እኩል ይከፈላል። ኦሮሚያ በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ ጅማ ላይ የሚሠራው እሱ ነው፤ መንገዱም ከፌዴራሉ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፣ ያስታርቅም፤ ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ፍቺያችሁ ፍርድ ቤት ደርሶ ጸድቋል? ወይስ ሽማግሌ ቤት ብቻ ነው ያለቀው? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። ብዙ ነገር የሚወሰነው በዚህ መልስ ነውና ሳትዘገዪ የሕግ ሰው አማክሪ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ማዕከል አለው። ያሉሽን ወረቀቶች በሙሉ ይዘሽ ሂጂ። በእጅሽ የጻፍሽባቸው የቡና ሒሳብ ደብተሮች ካሉሽ እነሱንም ያዢ። የልጆቹን ቀለብ ጉዳይም እዚያው ጠይቂ። ቀለብ አባት ሲመቸው የሚልከው ስጦታ አይደለም። እንደ ልጆቹ ፍላጎትና እንደ አባትየው አቅም የሚቆረጥ ግዴታ ነው።

የሕጉን ነገር ያነሳሁት ስለ አራት ዓመቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፍቺው ሕግ ገና ሳይፋቱም ቤት ውስጥ ይሠራል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። ባል ለሚስቱ አገልጋይ የመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ አለባት የሚል አንቀጽም ነበረው። እናቶቻችን ሲዳሩ የነበረው ሕግ ይህ ነው። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ተረት አንቀጽ ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው። አዲሱ ሕግ ሲመጣ ቀድመው በሥራ ላይ ያዋሉት ጥቂት ክልሎችና ከተሞች ነበሩ። ኋላ የዓለም ባንክ ባወጣው ጥናት ተመራማሪዎች እነዚህን አካባቢዎች ከዘገዩት ጋር አወዳደሩ። ሕጉ ቀድሞ በደረሰባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጪ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የመሰማራታቸው ነገር ይበልጥ ጨምሮ አገኙት። ለእኔ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ትዳሩ ቢፈርስ ባዶ እጇን እንደማትወጣ የምታውቅ ሴት ቤት ውስጥ ስትነጋገርም ድምፅ አላት። ንብረቱን «አብረን ነው ያፈራነው» ብላ ትናገራለች። ሥራ ልጀምር ስትልም የምትለምን አትመስልም። አንቺ ያ ዕውቀት ሳይኖርሽ 11 ዓመት አሳለፍሽ። አሁን ግን ታውቂያለሽ። ሁለተኛው ትዳርሽ ከመጀመሪያው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሰውዬው እንምጣ።

ጠባዩ መልካም ነው ብለሻል፤ እቀበላለሁ። ሚስቱን ቀብሮ ሁለት ሕፃናት ይዞ መቅረት ምን ያህል እንደሚከብድ አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሱቁን ዝጊ ያለሽ እህቱ ዱባይ ልትሄድ በተነሳችበት ሰዓት ነው። እስካሁን የቤቱን ሥራ የሠራችለት እህቱ ናት። እሷ ስትሄድ ማጀቱ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አሁን አንድ ላይ የመጡ ሁለት ጉዳዮች አሉት። አንዱ አንቺን መውደዱ ነው፤ ሁለተኛው የእህቱን ቦታ የሚይዝ ሰው ማስፈለጉ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። መነጣጠል ግን አለባቸው፤ አለዚያ የመጀመሪያውን ተቀብለሽ ሁለተኛውን ሳታውቂው ትፈርሚያለሽ።

እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «እህትህ ምን ምን ነበር የምትሠራው? ከጠዋት እስከ ማታ ንገረኝ።» ዝም ብለሽ ስሚው። ልጆቹ ስንት ሰዓት ይነሳሉ? ቁርሳቸውን ማን ይሰጣል? የታናሽየው ሱሪ ሲቀደድ ማን ሰፋው? በዝርዝር የሚመልስልሽ ከሆነ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አብራችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። «እኔ እንጃ፣ እሷ ነች የምታውቀው» ካለሽ፣ ከጋብቻው በፊት ብዙ መማር አለበት። በጊዜ ይጀምር።

መምህር መሆኑን ሳነብ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ሰዓት አለው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የቀኑን ግማሽ ነፃ ነው። ክረምት ሲሆን ትምህርት ይዘጋል። አንቺ ሱቅ ላይ ቆመሽ በርበሬ ስትመዝኚ እሱ እቤት ሆኖ ደብተር እያረመ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ሽሮው እሳት ላይ እያለ ደብተር ቢያርም ምን ይለዋል? ከሁለታችሁ ለልጆቹ ምሳ በቅርብ ያለው እሱ ሆኖ ሳለ ሥራ መተው ያለባት ለምን አንቺ ትሆኛለሽ? ይህን ስትጠይቂው በቁጣ አይሁን። ሰዓቱን ቆጥረሽ አሳዪው።

ገንዘቡንም አስቡት። በአንድ የመምህር ደመወዝ ስድስት ሰው ሊበላ ነው። አራቱ ልጆች ናቸው፤ ደብተር፣ ጫማ፣ ሕክምና። የሱቁ ትርፍ ሲቀር ጉድለቱ በመጀመሪያ የሚታየው ካንቺ ልጆች ላይ ይሆናል። የመምህሩ ደግነት ስለሚጠፋ አይደለም። አንቺ ራስሽ ነሽ «ከእሱ ደመወዝ ለእኔ ልጅ ጫማ እንዴት እጠይቃለሁ?» እያልሽ የምትተዪው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሰውዬው ሠራተኛ እንቅጠር ቢል ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ከገጠር የምትመጣ የ13 ዓመት ልጅ አምጥታችሁ ያንቺን ሸክም እሷ ጀርባ ላይ አታድርጉ። ከቀጠራችሁ አዋቂ ሴት ቅጠሩ፣ በልኩ ክፈሉ፣ የዕረፍት ቀን ስጡ። ወጪውም ከሁለታችሁ ገቢ ይውጣ። ከሱቁ ትርፍ ብቻ ከወጣ ያው የማጀቱ ሥራ አሁንም ያንቺ ብቻ ነው ማለት ነው።

እሺ ብሎ ከተስማማችሁ በወረቀት ይሁን። በቤተሰብ ሕጉ ተጋቢዎች ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ቀን የጋብቻ ውል መዋዋል ይችላሉ። ውሉ ስለ ንብረት ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው ስለሚኖረው ግላዊ ግንኙነት፣ ስለ መብታቸውና ስለ ግዴታቸውም መጻፍ ይቻላል። በጽሑፍ መሆን አለበት። በባል በኩል ሁለት፣ በሚስት በኩል ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ሱቁ ከጋብቻ በፊት ያፈራሽው ስለሆነ የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል። ከተጋባችሁ በኋላ የሚገኘው ትርፍ ግን፣ ከግል ንብረትሽ ቢመጣም፣ እንደ እሱ ደመወዝ ሁሉ የጋራ ነው። ይህን ሳታውቂ አትግቢ። ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ በሙሉ ቁጠሪ፤ የዱቤ ደብተርሽን ጨምረሽ መዝግቢ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ለአንቺ ደብተር መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ስትሄጂ ውሉንም አብረሽ አንሺ፤ የኦሮሚያውን ሕግ ይዘው ቃል በቃል ይነግሩሻል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሱቁ ካልተዘጋ አልፈልግም» ቢልስ? ይሂድ። ልብሽ ይሰበራል፤ አውቃለሁ። አራት ዓመት ብቻዬን ቆይቼ በስተመጨረሻ የመጣ ሰው እንዴት እተዋለሁ ትያለሽ። ግን ያ ሰው የሚፈልገው አንቺን ሳይሆን የእህቱን ምትክ እንደነበር በጊዜ ነገረሽ ማለት ነው። በጊዜ መስማት ይሻላል። እኔ ግን ይሄዳል ብዬ አላስብም። ብዙ ወንድ «ሱቁን ዝጊ» የሚለው ሌላ መንገድ አሳይቶት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነው። «እንጀራውን እንኳ አሁን የምትጋግረው እሷ ናት።»

ልጅሽ 12 ዓመቷ ነው። ስትፋቺ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከአባትየው ስትለያዪ፣ ሱቅ ስትከፍቺ፣ የቤቱ ሥራ የት ሄደ? አልጠፋም። ቀስ ብሎ እሷ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ዕቃ ማጠብ ነው፣ ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ፣ ከዚያ ሊጥ፣ ከዚያ ምጣድ። አንቺ አላዘዝሻት ይሆናል። ጎበዝ ልጅ ናት፣ እናቷ ስትደክም አይታ ነው። ግን የፍቺሽን ዕዳ እየከፈለች ያለችው እሷ ናት።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ አይደለም። እኔም በ12 ዓመቴ ምጣድ ፊት ቆሜያለሁ። እናቴ እንጀራ ትሸጥ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ትቀሰቅሰኛለች። አክምባሎውን ስከድን እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል። አንዱ እንጀራ እስኪበስል የሳይንስ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። ሲበስል አንሥቼ፣ ምጣዱን አስሼ፣ እንደገና አፈሳለሁ። የዚያ ዓመት ደብተሬ ገጾች ላይ የሊጥ ጠብታ ደርቆ ነበር፤ ገጽ ስገልጥ ይንኮሻኮሻል። ክፍል ውስጥ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ወንድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ እሱ ተኝቶ ነበር። እናቴን አልወቅሳትም። ግን እሱን እንድትቀሰቅሰው አንድ ቀን እንኳ አስባ እንደማታውቅ አውቃለሁ፤ ያ ዛሬም ያመኛል።

ልጅሽ ስድስተኛ ክፍል ከሆነች ክልላዊ ፈተና አለባት። ሌሊት ሊጥ ስታፈስ የምታድር ልጅ ከማን ጋር እንደምትወዳደር አስቢው። ስለ ወንዱ ልጅሽ ደግሞ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ጀሪካን መሸከም ይችላል፣ ምጣድ ላይ መቆምም ይችላል። አሁን ካላስተማርሽው ከ15 ዓመት በኋላ አንዷን ልጅ «ምን ጎደለሽ?» የሚላት እሱ ነው።

አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ለሦስት ቀን አንድ ደብተር ወጥ ቤት በር ላይ ስቀይ። ሦስታችሁም የሠራችሁትን ከነሰዓቱ ጻፉ። አንቺ፣ ሴት ልጅሽ፣ ወንድ ልጅሽ። በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ላይ ቁጭ ብላችሁ ደምሩት። ያን ወረቀት ለመምህሩም አሳዪው፤ ስለ ቤት የምትነጋገሩት ከዚያ ላይ ተነስታችሁ ይሁን። ልጆችሽ እዚያ ድርድር ላይ ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ የሚጋቡት እነሱም ጭምር ናቸው።

ደብተሩን ነገ ትገዢዋለሽ። ዛሬ ማታ ግን ልጅሽ ሊጡን እንዳትነካ። ወንዱን ጥሪው። እርሾው የት እንደሚቀመጥ አሳዪው፣ ምጣዱ መጋሉን በምን እንደምታውቂ ንገሪው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ይቀዳደዳሉ። ቀምተሽ አትጋግሪለት፤ የተቀደደውን ቁርስ ላይ ፍርፍር አድርጊው።